«እዪልኝ» ብላኝ ነበር

እንደምን ሰነበታችሁ። ያቺ ሻይ ላይ ቅርንፉድ የምታበዛው ጓደኛዬ ፊልሟን ጨርሳለች። ምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳሎኗ አስቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየችኝ። እኔም ለአንድ የውጭ አገር ፌስቲቫል የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። መግቢያው ላይ ፊልሙን ሳይመረቅ በፊት አይቼዋለሁ ለማለት «ስኒክ ፒክ» የሚለውን ሐረግ አስገባሁ፤ ሞቅ ያለ አነጋገር መስሎኝ።

ማታ ደወለች። «ስኒክ ማለት ተደብቆ ሹልክ ማለት አይደለም እንዴ? ተደብቀሽ ነው ያየሽው? እኔ አይደለሁም ያሳየሁሽ?»

አልተቆጣችም። ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሎ ነበር። ሐረጉ ክፋት የለውም፣ ፊልም ሠሪዎች ራሳቸው ለማስታወቂያ ይጠቀሙበታል አልኳት። እውነት ነው። የእሷም እውነት ነው፤ «ፒክ» ጨረፍታ ነው፣ በበር ስንጥቅ እንደ ማየት። እኔ ግን ሙሉውን ነው ያየሁት።

ሌሊቱን ቃል ስመርጥ አመሸሁ። «ፕሪቪው» ቅንጭቡንም ሙሉውንም ሊሆን ይችላል። «አድቫንስ ስክሪኒንግ» አዳራሽና የተጠሩ እንግዶች ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ሁለት ሴቶችና አንድ ላፕቶፕ ነበርን። «ፕሪስክሪኒንግ» ሥራ አመልካች ማጣራት ይመስላል። በመጨረሻ ተራውን ጻፍኩ፦ «ሺ ሾውድ ሚ ዘ ፊልም አሄድ ኦቭ ኢትስ ሪሊስ»፤ ፊልሙን ሳይመረቅ በፊት አሳየችኝ ማለት ነው። አሳየችኝ። ቢያንስ ያሳየችኝ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገባች።

ስለ ራሳችን ቃልም ሳስብ ነበር። ጋዜጣ ይወጣል፣ ካሴት ይወጣል፤ ፊልም ግን ይመረቃል፣ እንደ ቤት፣ እንደ ተማሪ። ይህን ቃል እንዴት እንደምወደው! ሳይመረቅ በፊት ለማየት ግን ከወረቀት ላይ ያገኘሁት «የቅድሚያ ምርመራ» ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የከለከለው፣ ሳንሱር የምንለው። ሥራው ሳይወጣ የሚያየው ሰው መቀስ ይዞ የሚመጣ ነበር ማለት ነው።

እሷ ግን ያለችኝ «እዪልኝ» ነው። እናቴ ጓዳ ሆና ማንኪያውን እየዘረጋች «ቅመሺልኝ» እንደምትለው። ያቺን «ልኝ» በእንግሊዝኛ የት ላስቀምጣት? «ቅመሺልኝ» የተባለ ሰው ዝም አይልም፤ ጨው አንሶታል፣ በዝቷል ይላል። እንግዳ ሳይቀርብ፣ ገና ሊስተካከል ሲችል።

ፊልሙ መሐል ላይ እናትየዋ በሩ ላይ የምትቆምበት ቦታ አለ። ረዝሟል። ያኔውኑ ታውቆኝ ነበር። ጓደኛዬ ስክሪኑን ትታ ፊቴን እያየች ነበርና «በጣም ያምራል» አልኳት፤ ያምራልም። ግን ረዝሟል። ያን ማታ ስትደውል ስለ አንድ ሐረግ ያን ያህል ስከራከር ይህን ሳልነግራት ስልኩ ተዘጋ። ተደብቀሽ ነው ወይ ስትለኝ...

ምረቃው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ብነግራት ለመቁረጥ ጊዜ ይኖራት እንደሆነ እንጃ። ምናልባትም የረዘመው ለእኔ ብቻ ይሆናል። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁት፤ ሁለተኛው ላይ ጠርቶ ነበር...