የሸሸችው ሎሚ

እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ጉልበቴ ብቻ ነን።

መጀመሪያ የወለቀው በ16 ዓመቴ ነው፣ ኳስ ስጫወት። ማንም አልነካኝም። እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቴ ብቻ ዞረ፣ ወደቅኩ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ የጉልበቴ ሎሚ ቦታዋን ለቃ በውጭ በኩል ጉብ ብላለች። አንድ ልጅ እግሬን ቀስ አድርጎ ሲዘረጋው ቷ ብላ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ «ተጠንቀቅ»። ደረጃ ስትወርድ ተጠንቀቅ፣ ስትዞር ተጠንቀቅ። ሦስት ጊዜ ደገመኝ፤ አንዱማ አልጋ ላይ ስገላበጥ ነው! ሰው ተኝቶ እንዴት ነው የሚጠነቀቀው? ግን አመንኳቸው። ጥፋቱ የኔ መሰለኝ።

ፊዚዮቴራፒውን በደንብ ሠርቻለሁ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ለወለቀበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘውም እሱ ነው፤ የልም አጥንት፣ ማለትም መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ለስላሳ አጥንት፣ ስባሪ ጉልበቱ ውስጥ ካልቀረ በቀር ወደ ቢላ አይሮጡም። የኔ ግን አልቆም አለ።

ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ ሁለት ነጥብ አሳየችኝ። አንዱ ሎሚዋ የምትንሸራተትበት የጭን አጥንት ቦይ መሃሉ ነው። ሁለተኛው ከጉልበት ሥር ቅልጥም ላይ ያለችው ጉብታ፣ የሎሚዋ ጅማት የሚታሰርባት። በሁለቱ መካከል ወደ ጎን ያለው ርቀት 22 ሚሊሜትር። ከ20 ካለፈ ብዙ ነው ይላሉ። ማለትም የጭኔ ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ሎሚዋን ወደ ውጭ ይጎትታታል። ቦዩም ቦይ አይባልም፣ ዝርግ ሳህን ነው። በውስጥ በኩል የሚይዛት ጅማት ደግሞ ያኔ ኳስ ሜዳ ላይ ተበጥሶ፣ ላልቶ ነው የዳነው። ጉልበት ከመዘርጋት እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ ዋናው ያዥ ይህ ጅማት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቦዩ ይረከባል። እኔ ዘንድ ማን ይረከባል?

ስለዚህ ሁለት ነገር ተሠራልኝ። ከራሴ ጭን ጀርባ ጅማት ተወስዶ አዲስ ያዥ ሆነ፤ ጉብታዋም ተቆርጣ ወደ ውስጥ ተገፍታ በሁለት ብሎን ታሰረች። «ሎሚዋን በውጭ በኩል የሚይዘውን ማላላት ብቻ አይበቃም?» ብዬ ጠይቄ ነበር፣ የሆነ ቦታ አንብቤ። ድሮ ይሠራ ነበር አለችኝ፣ ለሚወልቅ ጉልበት ብቻውን አሁን አይመከርም። አዲሱ ጅማትም ከመጠን በላይ ከተወጠረ ሎሚዋን ተጭኖ ልም አጥንቱን ይጎዳል። ለካ ማጥበቅ ብቻ አይደለም ሙያው።

ከቁስሉ ይልቅ የገረመኝ ምን መሰላችሁ? በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጭኔ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ጨምቀው» አለችኝ። ጨመቅኩ። ምንም! አፍጥጬ አየዋለሁ፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ጡንቻው ግን የሌላ ሰው ይመስል ዝም። ያበጠ ጉልበት ጡንቻውን ያጠፋዋል አለች። በአራተኛው ቀን ከጣቷ ሥር ትንሽ ሲርገበገብ ልስማት ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ስድስት ሳምንት ክራንች፣ ከዚያ ወራት ልምምድ። እሱን አላወራም፣ አሰልቺ ነው። ብሎኖቹ ግን ስንበረከክ እስካሁን ይቆረቁሩኛል።

አንድ ቀን እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስካኑን በስልኬ አሳየኋት። «አየሽ እማ፣ 22 ሚሊሜትር። ባለመጠንቀቄ አልነበረም፣ ስፈጠርም እንዲህ ነኝ።» ስልኩን አልተቀበለችኝም። የራሷን ጉልበት መዳበስ ጀመረች።

«የኔም እኮ ልጅ ሆኜ ይሸሽ ነበር» አለችኝ። «እንዳይቆጡኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»