ፔፓ አሟታል?

እሽ፣ እየቀዳ ነው። አውራ ዶሮውም ጀምሯል፣ መቼም ትሰሙታላችሁ። ዛሬ መስኮቱን አልዘጋም። ልጄ ሚጡ ወዲያኛው ክፍል ተኝታለች፣ ብትነሳ ልስማት።

ባለፈው የቤት ኪራዩን ነገር እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። አልቀጥልም። ሌላ ነገር ነው ሆዴ የገባው። ትንሽ ነገር ነው፣ የአሻንጉሊት ነገር። ግን ይኸው ሁለት ሳምንቱ፣ አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ ገበያ ለበርበሬ ነው የሄድኩት። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ላስቲክ ውስጥ ሆና ተሰቅላ አየኋት። ሮዝ ፊት፣ ቀይ ቀሚስ፣ ያ ረዘም ያለ አፍንጫ። ፔፓ፣ የካርቱኗ አሳማ። ሚጡ ፔፓን ስታይ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ስልኬ እጄ ላይ የማይውለው በሷ ነው። 650 ብር አለኝ፣ ተከራክሬ በ600 ወሰድኳት። በርበሬውን ከእግሬ ስር አስቀምጬ፣ እሷን ባጃጅ ላይ ታቅፌ ነው የመጣሁት። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር!

አሁን ያችን ደቂቃ ልንገራችሁ። ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም እኔም ራሴ ደጋግሜ እያየኋት ነው።

ሚጡ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ ትበላለች። ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ትጮሃለች፣ ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። አየቻት። ጣቷን አንደኛው አይን ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሌላኛው ላይ። ገልብጣ ጀርባዋን አየች። እንደገና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣

«እማ፣ ፔፓ አሟታል?»

እኔ ምን አልኩ? «አይ፣ ደህና ናት። እሷው ናት። ቀሚሷን እይው እስኪ።» ቀሚሱን አየችው። «እሽ» አለች።

ያች «እሽ» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። የሰማችኝ እሽ ናት እንጂ ያመነችኝ እሽ አይደለችም። ተነስታ ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ ጎተተች፣ ጠቀለለቻት፣ መደቡ ላይ አስተኛቻት። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ልክ እኔ ስታተኩስ እንደማደርጋት። እኔ ሳቅኩ። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለቤተሰቡ ላክሁ። ሁሉም ልብ ልብ ላከ።

ማታ፣ እሷ ከተኛች በኋላ፣ ያችን አሻንጉሊት መብራት ስር ይዤ ቁጭ አልኩ። ካርቱኑንም ከፍቼ አጠገቧ አስቀመጥኩት። እና ልጄ ልክ ነበረች። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት፣ ፔፓ ሁለቱም አይኖቿ በአንድ በኩል ናቸው። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው፣ አፍንጫዋም ወደ ጎን። እንደዚያ ነው የተሳለችው፣ በፈረንጆቹ 2004 እንግሊዝ አገር ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ። ወረቀት ላይ ያምራል። በጨርቅ ስትሰፋት ግን ጭንቅ ነው፤ ሥዕሉ ውፍረት የለውም፣ አሻንጉሊት ደግሞ ውፍረት አለው። አንዱን ጎን ብትከተል ሌላኛው ጎን ባዶ ይቀራል። ጥሩ የሚሰራ ሰው እዚያ ላይ ተጨንቆ መላ ያበጅለታል። የኔዋን የሰራው ግን አንዱን አይን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ለጥፎ ጨረሰ። ያን ጊዜ ፔፓ መሆኗ ቀረ። ቀሚስ የለበሰች አንዲት አሳማ ሆነች። አንዱ አይን ደግሞ ዝቅ ብሏል። የታመመ ሰው አይን ነው በቃ።

ኤልሞን ታስታውሱታላችሁ አይደል? ያን ቀዩን አሻንጉሊት። ልባሽ ተራ ቦንዳ ሲፈታ ነው ያገኘሁት፣ በ120 ብር። ማን እንደተጫወተበት አላውቅም፣ ፀጉሩ ጀርባው ላይ ሳስቷል። ግን ጭምቅ አድርጋችሁ ስትለቁት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ስፌቱን ፈልጋችሁ አታገኙትም። አይኑ በክር የተጠለፈ ነው፣ የሚነቀል ነገር የለውም። ሁለት ጊዜ በዱቄት ሳሙና አጥቤዋለሁ፣ ያው ኤልሞ ነው። ሚጡ አንድ ቀን እንኳ አሞታል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

እና ሳስበው ልዩነቱ የአሰራር ብቻ አልመሰለኝም። ኤልሞ ሲጀመርም ጨርቅ ነው። ሰሰሚ ስትሪት የሚባለው የአሜሪካኖች የልጆች ፕሮግራም ላይ የሚታየው ራሱ ውስጡ የሰው እጅ ያለበት አሻንጉሊት ነው። ስለዚህ ልጅ እጅ ላይ ሲመጣ ቤቱ ነው የመጣው። የኛዋ ፀሐይም እንደዚያው ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችው፣ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ። እነ ብሩክታዊት ጥጋቡ የጀመሯት፣ እሷም የእጅ አሻንጉሊት ናት። ታናሽ እህቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ስትስማት ትዝ ይለኛል፣ አፏን ጨርቁ ላይ የምታሳርፍ ነበር የሚመስላት። ፔፓ ግን ሥዕል ናት። ሥዕልን ማቀፍ...

አይ፣ ይሄም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በደንብ የተሰራች ፔፓ አይቻለሁ። አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ቤት አለች። ጥሩ ናት። ስለዚህ ተውት።

ወለቃ ያሉትን ታውቃላችሁ፣ በዳባት መንገድ፣ ከጎንደር ከተማ ወጣ ስትሉ። የሸክላዎቹን ማለቴ ነው። ቤተ እስራኤሎች ይሰሯቸው የነበሩት፣ አሁንም መንገድ ዳር የሚሸጡት። ትንንሽ አንበሳ፣ ትንንሽ ሰው። ልጅ ሆኜ አንድ አንበሳ ነበረኝ፣ ጆሮው አንድ ብቻ። አሞታል ብዬ አላውቅም። ለምን? ምክንያቱም እኔ ሌላ ቦታ አላየሁትም። ማንንም ምሰል አልተባለም። ፔፓ ግን ሚጡ በየቀኑ የምታያት ጓደኛዋ ናት። ፊቷን ታውቀዋለች። እና የማታውቀው ፊት ይዤላት መጥቼ እሷው ናት አልኳት።

ቆይ፣ ዶሮው... እሽ።

ያልነገርኳችሁ አለ። ለእማዬ ብቻ ነው የነገርኩት።

በሦስተኛው ሌሊት ልሸፍናት ገባሁ። ፔፓ ትራሱ ላይ ናት፣ አንድ አይን ብቻ አላት። ሚጡ እጇን ጨብጣ ተኝታለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። አይኑ እዚያ ውስጥ ነበር። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሽምብራ የሚያህል፣ ከጀርባው የደረቀ ሙጫ አለው። እርጥብ ነበር። እጇ አልቦት ይሁን አፏ ውስጥ ገብቶ ይሁን አላውቅም። ቆሜ ስትተነፍስ አዳመጥኳት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ እንጃ።

አሜሪካኖች ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻን የሚፈትሹበት ትንሽ ሲሊንደር አላቸው፣ የአፉ ስፋት 3.17 ሴንቲ ሜትር። የልጅ ጉሮሮ ምሳሌ ማለት ነው። ከመጫወቻው ላይ የወጣ ነገር እዚያ ውስጥ ጭልጥ ብሎ ከገባ፣ ለዚያ ልጅ አይሸጥም። የሕፃን አሻንጉሊት አይን በክር የሚጠለፈው ለጌጥ አይደለም እንግዲህ። እቤት ደግሞ በሶፍት ጥቅልል ካርቶን መሞከር ይቻላል፣ እሱ ትንሽ ሰፋ ይላል። እኔ ያን አይን አሳለፍኩት። ምንም ሳይነካ ወደቀ። ሚጡ ሦስት ዓመት ካለፋት አራት ወሯ ነው። አራት ወር ጉሮሮ ላይ ምን ያህል ይጨምራል?

ሻጩን ልቆጣ አሰብኩ። ግን እሱም ከካርቶን አውጥቶ ነው የሰቀላት። እኔስ ጎትቼ አይቻታለሁ? በርበሬውን አሽትቼ፣ በእጄ አፍሼ፣ ፍሬውን አይቼ ነው የገዛሁት።

ጠዋት ለእማዬ አሳየኋት። እማዬ ደግሞ ያች አሻንጉሊት ከገባች ጀምሮ ስሟን ጠርታ አታውቅም። አሳማ እቤቷ ውስጥ! «በጓ» ነው የምትላት። «በጓን ከመደቡ ላይ አንሱልኝ» ትላለች። አይኑን አየችው፣ አማተበች፣ ምንም አላለችም። የቀረውንም አይን በምላጭ ፈልቅቃ ጣለችው። መነጽሯን አደረገች፣ ነጠላ የምትቋጭበትን መርፌ አወጣች። ከዚያ ሚጡን ጠርታ «ነይ እስኪ የኔ እናት፣ አይኗ የት ነው?» አለቻት።

እኔ እኮ አልጠየቅኋትም። ታያላችሁ? እኔ ነገርኳት እንጂ አልጠየቅኋትም።

ሚጡ ጣቷን አንድ ጎን ላይ አደረገች። «እዚህ።» ትንሽ አስባ ደግሞ፣ «እዚህም።» ሁለቱም በአንድ በኩል። እማዬ ጠለፈችው። ትንሽ ጠማማ ነው፣ ጥቁር ክር በነጭ ላይ። ከቀኝ በኩል ስታዩዋት ፔፓን ትመስላለች። ከግራ በኩል ፊት የላትም።

አሁን ሚጡ ከኤልሞ ጋር ነው የምትተኛው። ፔፓ መደቡ ላይ ናት፣ አሁንም ነጠላዬን ለብሳ። ድናለች አትልም። አሟታልም አትልም። ልጠይቃት እልና፣ ያው እኔን ለማስደሰት እሽ ትለኛለች ብዬ እፈራለሁ። ወይም ደግሞ ረስታዋለች፣ ልጅ አይደለች? እኔ ብቻ ነኝ ምናልባት...

ነጠላውን ለእሁድ ቤተ ክርስቲያን እፈልገዋለሁ። ላንሳው አላንሳው...

ተነሳች መሰለኝ። ቆይ። ሚጡዬ? መጣሁ፣ መጣሁ።