ጉድጓዱ ደርቋል ከማለታችሁ በፊት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አደራችሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ይህችን ቁራጭ ቧንቧ ከፊት ያላችሁ ተቀባበሏትና እዩልኝ። ካዛንቺስ አካባቢ ካለ አንድ ግቢ ፓምፕ ስናወጣ አብራ የወጣች ናት። ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ ነበረች። እስቲ አውራ ጣታችሁን አስገቡባት፤ አትገባም። ውስጧን የያዘው ነጭና ቡናማ ቅርፊት ድንጋይ ሆኗል። የግቢው ባለቤቶች «ጉድጓዱ ደርቋል» ብለው ለአዲስ ጉድጓድ ከቆፋሪ ጋር ዋጋ መነጋገር ጀምረው ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ጉድጓዱ አልደረቀም። ውሃው እንዳለ ነበር፤ የሚገባበት በር ነው የተዘጋበት። የእኔ ሥራ ያንን በር በአሲድ መክፈት ነው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ የሆቴል፣ የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክና የሕንፃ ጥገና ኃላፊዎች ናችሁ። ከተማችን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ ውሃ ታገኛለች፤ ፈረቃው ሲረዝም ግን ግቢያችሁን የሚያቆመው የራሳችሁ ጉድጓድ ነው። እና ለፓምፑ የምናስበውን ያህል ለጉድጓዱ አናስብም። ጄኔሬተር ዘይት ይቀየርለታል፣ ሊፍት ይመረመራል፣ ጉድጓድ ግን አንዴ ከተቆፈረ በኋላ ክዳኑ የሚከፈተው ሲታመም ብቻ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚዘጋው? ለስላሳ ጠርሙስ ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡ። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙ ይወጣል። የከርሰ ምድር ውሃም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሟሙቶበት፣ በዚያ ምክንያት ኖራውን በሆዱ ይዞ ይጓዛል። ፓምፑ ሲስበው፣ ስክሪን የምንለው ባለ ቀዳዳ የኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ) ክፍል ላይ ሲደርስ ግፊቱ ይወርዳል። ጋዙ ያመልጣል፤ ኖራው የሚሸከመው ያጣና እዚያው ቀዳዳው አፍ ላይና በዙሪያው ባለው ጠጠር ላይ ይቀመጣል። ልብ በሉ፤ ውሃውን በኃይል በሳባችሁት መጠን ግፊቱ ይብስ ይወርዳል፣ ቅርፊቱም ይፈጥናል። ውሃ ሲያንሰን ከፍ ያለ ፓምፕ እንገዛለን አይደል? በገዛ እጃችን በሽታውን እያባባስን ነው።

ሁለተኛው ብረት ነው። መሬት ውስጥ ሟሙቶ የማይታይ ብረት አየር ሲያገኝ ዝገት ይሆናል። ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ሲጨመሩበት ደግሞ እንደ ተነከረ ተልባ የሚያዳልጥ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይሠራሉ። የሮቶአችሁን ግድግዳ ዳሱት፤ ካለ እጃችሁ ያውቀዋል። ሦስተኛው ጭቃና ደቃቅ አሸዋ ነው። የአዲስ አበባ ዓለት እሳተ ገሞራ የተፋው ነውና ሲበሰብስ ሸክላ ይሆናል፤ ያ ሸክላ ስንጥቁን ይደፍናል። ለዚህኛው አሲድ ምንም አይፈይድም። ጠንከር ያለ እጥበት እንጂ።

ስለዚህ አሲድ ከመግዛታችሁ በፊት በሽታውን እወቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? የጉድጓድ ነገር የሚደበቀው መዝገብ ስለሌለ ነው። ያ የካዛንቺሱ ግቢ የቁፋሮ ሰነዱን ጥሎታል። የመጀመሪያውን ቀን የፓምፒንግ ቴስት፣ ማለትም ጉድጓዱ ስንት ውሃ እንደሚሰጥ በፓምፕ ስቦ የመለካት ሙከራ፣ ውጤቱን ማንም አያውቅም። ፈልገን ፈልገን ተስፋ ቆርጠን ሳለ ሽማግሌው ዘበኛ ከትራሳቸው ሥር አንድ ሉክ ደብተር አወጡ። ፓምፑ መቼ እንደተነሳ፣ ሮቶው መቼ እንደሞላ በየቀኑ ጽፈዋል። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው «ባለቤቱ ለምን ውሃ አፈሰስክ እንዳይለኝ» አሉን። ባለ 10,000 ሊትሩ ሮቶ ድሮ በ50 ደቂቃ ይሞላ ነበር። ይህ በሰከንድ ከ3 ሊትር በላይ ነው። እኛ በሄድንበት ሰሞን 3 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በሰከንድ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ደብተሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ የወረደ እንዳልሆነ አሳየን። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያለ ነው የከዳቸው። ፓምፕ ተቃጥሎ ወይም ቧንቧ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባሳየ ነበር።

ከዚያ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚለካውን ዲፕ ሜትር አወረድን። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው የሚያርፍበትን ከፍታ ለካን፤ ቀድሞ የፓምፕ ባለሙያ በሩ ጀርባ በቀለም ከጻፈው ቁጥር ብዙም አልተለየም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቆመው ውሃ ራሱ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የአካባቢው ውሃ ቀንሷል ማለት ነበር፣ እኔም አሲዴን ይዤ እመለስ ነበር። የቆመው ባለበት ሆኖ፣ ስትስቡት ግን በብዙ ሜትር የሚወርድ ከሆነ በሩ ተዘግቷል። በሰከንድ የሚወጣውን ሊትር ውሃው ለወረደበት ሜትር አካፍሉት። ለምሳሌ 4 ሊትር ስትስቡ 8 ሜትር ቢወርድ፣ ለአንድ ሜትር ግማሽ ሊትር ነው። ከዓመታት በኋላ 2 ሊትር ስትስቡ 20 ሜትር ከወረደ 0.1 ሆኗል። የጉድጓዱ አቅም አንድ አምስተኛው ብቻ ቀርቷል። በሙያው እንደ ጥሩ ልማድ የሚመከረው ይህ ቁጥር በሩብ ከመቀነሱ በፊት ማከም ነው። ቅርፊቱ ከቆየ ይጠነክራል፤ አሲዱም የሚያልፍበት ቀዳዳ ያጣል።

አሁን ወደ አሲዱ እንምጣ። በጉድጓድ ውሃ ሻይ የምታፈሉ ሰዎች የማንቆርቆሪያችሁ ሆድ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። እናቶቻችን ሎሚ ጨምቀው ያፈሉበታል፣ ይለቃል። የእኔም ሥራ ስሙ ከበደ እንጂ ከዚህ አይርቅም። ልዩነቱ የምንጨምቀው ሎሚ ሰው የሚገድል መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ፓምፑ ይወጣል፣ ካሜራ ይወርዳል፣ ግድግዳው በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፣ የወረደው ዝቃጭ ይቀዳል። ይህን ዘልሎ አሲድ የሚያፈስ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚያፈስሰው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቦታ ሳንፈገፍግ አፍስሰናል። ውሃው ሲጨምር ተጨበጨበልን፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ያ ዝልግልግ ተመልሶ መጣ። ባክቴሪያውን አልነካነውም ነበርና።

አሲዱ ከላይ አይደፋም። በቀጭን ቧንቧ እስከ ስክሪኑ ይወርዳል። ዲያሜትሩ 200 ሚሊሜትር በሆነ ጉድጓድ አንድ ሜትር ርዝመት 31 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 30 ሜትር ስክሪን ካላችሁ ወደ 940 ሊትር። በዙሪያው ያለውን ጠጠር ለመድረስ ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን ብረት ስለሚበላ ኢንሂቢተር የሚባለው መከላከያ ይጨመርበታል። ስክሪናችሁ ስቴንለስ ከሆነ እኔ ሃይድሮክሎሪክን አልመርጥም። ሰልፋሚክ አሲድ ዱቄት ነው፤ ለማጓጓዝም ለሠራተኛም ይሻላል፣ ቀስ ብሎ ይሠራል። ከገባ በኋላ ዝም ብሎ መተኛት የለበትም፤ በፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች እየናጥን ወደ ጠጠሩ እንዲገባ እናደርጋለን። ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር፣ እየለካን እንጠብቃለን። ፒኤቹ ከፍ ማለት ከጀመረ አሲዱ እየተበላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ። አንድ ኪሎ የኖራ ቅርፊት ለማሟሟት 30 በመቶ ከሆነው አሲድ 2.4 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእኛ ከተማ ከፍታ ከ300 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ከአንድ ተኩል በርሜል በላይ ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ ብቻ! ጉድጓድ ውስጥ ያለው ደግሞ በኩንታል ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ባለው ማንሆል ይተኛል። አንድ ልጅ የወደቀበትን ቁልፍ ሊያነሳ ወደ ማንሆሉ ሲወርድ ጉልበቱ ሲከዳው በዓይኔ አይቻለሁ። ወገቡ ላይ ገመድ ስለነበረ ነው የተረፈው። ተከትለን ብንወርድለት ኖሮ አብረነው እንቀር ነበር። ጋዝ መለኪያ ሳይኖር ማንም አይውረድ።

ሌላው በረኪና ነው። አሲድ ያለበት ጉድጓድ ላይ በረኪና ከጨመራችሁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። አሲዱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ፣ ፒኤቹ ወደ ነበረበት ሲመለስ ብቻ ነው በክሎሪን የምናጸዳው። ስታቀጥኑም ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አታፍስሱ።

የሚወጣውንስ የት እናድርገው? ከዚህ በታች ባንተይቀጡ አለ፣ ወዲያ ቀበና አለ፤ ሁለቱም መጨረሻቸው ትልቁ አቃቂ ነው። ገንዳ ውስጥ አጠራቅሙ፣ አሲድነቱን በኖራ አብርዱት፣ ለክታችሁ አስወግዱ። ሌሊት ቱቦ ውስጥ የሚለቅ ተቋራጭ ካያችሁ ክፍያውን ያዙበት።

ፍልውሃ አካባቢ ላላችሁ አንድ ቃል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን የሳበው ያ ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ጉድጓድ የተለየ ነው። በውስጡ የሚበዛው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፣ ፍሎራይዱም ከፍ ያለ ነው። ጥልቅ ጉድጓዳችሁ እሱን ከነካ የጎረቤታችሁን ማዘዣ አትዋሱ፤ ውሃውንም ቅርፊቱንም አስመርምሩ። ቅርፊቱ ሲሊካ፣ ማለትም መስታወት የሚሠራበት ማዕድን፣ ከሆነ የእኔ አሲድ አያሟሟውም።

የካዛንቺሱ ጉድጓድ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። ባለ 10,000 ሊትሩ ሮቶ አሁን በ70 ደቂቃ ይሞላል። 50 አልሆነም፤ ሁሉም አይመለስም። ባለቤቶቹ ለአዲስ ጉድጓድ የያዙትን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውለውታል፣ ፓምፑንም አነስ ባለ ቀይረነዋል።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሉክ ደብተሮች አስቀምጫለሁ። ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱና ለዘበኞቻችሁ ስጡልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍበት፤ ቀኑ፣ ፓምፑ የተነሳበት ሰዓት፣ ሮቶው የሞላበት ሰዓት።

አመሰግናለሁ።