የመጀመሪያዋ ደቂቃ፦ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ዋና በእንጅባራ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የእንጅባራና የአካባቢዋ ወጣቶች፤ ለበዓላቱ ዋዜማ እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ከጥምቀት አንሥቶ እስከ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ድረስ ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች፤ ከእንግዳውም ከቤተኛውም ዘንገና ሐይቅን ሳያይ የሚመለስ ወጣት ጥቂት ነው። ካየ በኋላ ልብሱን አውልቆ መግባት የሚያምረው አይጠፋም፤ በተለይም በማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ጓደኛ ጓደኛውን «ወንድ ከሆንክ ዝለል!» እያለ ሲፈታተን። እኔ የሰውነት አሠራር መምህር ነኝ፤ ለትምህርት በሄድኩባት በፊንላንድም ሐይቅ በበረዶ በሚጋገርበት ወራት ሰዎች እንዴት እንደሚዋኙ በቅርብ አይቻለሁ። የምነግራችሁ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ ሰውን በዋናነት የሚፈትነው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፤ ለዚያች ደቂቃ ያልተዘጋጀ ሰው ደግሞ የዋና ችሎታው ብዙም አያድነውም።

በፊንላንድ ከዳርቻው አጠገብ በረዶውን በመጋዝ ቆርጠው ቀዳዳ ያበጃሉ፤ ውሃው ተመልሶ እንዳይጋገርም አንዲት ትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ታማስለዋለች። ጡረታ የወጡ እናቶች የሱፍ ቆብና ጓንት አድርገው፣ እየተጨዋወቱ፣ የእንጨቱን መሰላል መደገፊያ ይዘው አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እስከ አንገታቸው ገብተው ጥቂት ከቀዘፉ በኋላ ወጥተው ወደ ሳውና ይገባሉ። ሲዘል ያየሁት ሰው የለም፤ ጭንቅላቱን የሚነክርም እምብዛም አልነበረም። ውሃው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጨው አልባ ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለሆነ እሱ ወደ ታች ይሰጥማል፣ እጅግ የቀዘቀዘው ከበረዶው ሥር ላይኛው ክፍል ላይ ይቀራል፤ ዋናተኛው የሚገባውም እዚያ ውስጥ ነው።

ይህ ልማድ ከበዓል ጋር የተቆራኘባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። በለንደን ሰርፐንታይን ሐይቅ በ1864 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዋና ክለብ በየዓመቱ የገናን ውድድር ያካሂዳል፤ በካናዳዋ ቫንኩቨር ደግሞ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚከበረው ባሕር በመግባት ጭምር ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የሩስያ ኦርቶዶክሳውያን ሥርዓት ነው፤ እነርሱ በጃንዋሪ 19፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ጥምቀት ጋር በሚገጥም ዕለት፣ በረዶውን በመስቀል ቅርጽ ቆርጠው ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ይላሉ።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው በድኖ መሞትን ነው፤ ይሁን እንጂ በረዶ በጋገረው ውሃ ውስጥ እንኳ የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ለሕይወት አስጊ ወደሆነ ደረጃ እስኪወርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አደጋው ከዚያ በፊት ይመጣል። ቆዳችን በድንገት ሲቀዘቅዝ ወደንም ሆነ ሳንወድ በረጅሙ አየር እንስባለን፣ ወዲያው ማለክለክ እንጀምራለን፣ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ያቺ የመጀመሪያ ትንፋሽ ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሳለ ከመጣች የሚሳበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ይህ ድንጋጤ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበርዳል። በዚህ ላይ ፊት ውሃ ውስጥ ሲነከርና ትንፋሽ ሲያዝ ልብ ቀስ እንዲል ትእዛዝ ይደርሰዋል፣ ቆዳው ደግሞ «ፍጠን» ይለዋል፤ በእንግሊዝ ፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያጠኑት ማይክ ቲፕተን እንደሚያስረዱት የሁለቱ ትእዛዛት ግጭት በተለይ ሕመም ያለበትን ልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ለዚህ ሁሉ በረዶ መኖሩ ግድ አይደለም፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለ ውሃም ድንጋጤውን ከዜሮ ዲግሪ ባላነሰ ኃይል ሊቀሰቅስ ይችላል።

ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ቁልቁል ይወርዳል እንጂ እንደ ጣና ዳርቻ ብዙ ርቀት የሚያስኬድ ጥልቀት አልባ ቦታ አይሰጥም። ስለዚህ የዘለለ ልጅ ያቺን ትንፋሽ የሚስባት እግሩ በማይቆምበት ስፍራ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ውሃው እጅግ ከቀዘቀዘ በአሥር ደቂቃ አካባቢ ክንዱ መታዘዝ ይተዋል።

እንግዲህ መግባት የፈለገ ሰው አይዝለል። እግር በሚቆምበት ቦታ ቀስ ብሎ ይግባ፣ እጁንና ፊቱን አስቀድሞ በውሃ ያርጥብ፣ አየሩን በረጅሙ እያስወጣ ትንፋሹ እስኪታዘዝለት ይጠብቅ፤ ከዚያ በፊት አንድም ክንድ አይቅዘፍ። ሳያስበው የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፍ፤ ለመዋኘት መታገሉን ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ይደርስበታል። አረቄ «ያሞቃል» የሚባለው ስሜት ነው፤ የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ሙቀትን ያባክናል። ከወጡ በኋላም የውስጥ ሙቀት ለጊዜው መውረዱን ስለሚቀጥል፣ ወዲያው ደርቆ፣ ልብስ ለብሶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ትኩስ ሻይ መጠጣት ይገባል። የፊንላንድ እናቶች ጥንካሬ ከልምድ የመጣ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ፣ በተለያዩ ቀናት፣ አምስት ስድስት ጊዜ መግባት ብቻውን ድንጋጤውን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ንቃት እንደሚሰጥ አልክድም፤ በሽታን ሁሉ ያድናል ሲባል ግን አብሬ አላጨበጭብም። ስለ ጸበል ለመናገር ሥልጣኑ የአባቶች ነው፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙም ለአጥማቂውም ይንገር ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በበዓላቱ ቀናት በዘንገና ዳርቻ ረጅም ገመድና ክዳናቸው በደንብ የተዘጉ ባዶ ጄሪካኖች ይቀመጡ፤ ጄሪካን ጫፉ ላይ የታሰረበት ገመድ ከውጭ ሆኖ የሚወረወር ስለሆነ፣ አንዱን ለማዳን ሌላው ዘሎ አይሰጥምም። ገመዱንና ጄሪካኑን እኛ መምህራን እናቀርባለን፤ በፈረቃ የሚቆሙት ግን ከእናንተ መካከል መሆን አለባቸው። መዝገቡ መውጫው በር ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ። አመሰግናለሁ።