ሐረር ያልወጣው ባቡር

ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ አባቶችና እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ዳገቱን ወርዳችሁ ከሐረርና ከሐረማያ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከእንግዶቹ ልጀምር። ዛሬ በምን መጣችሁ? በሚኒባስ። አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣቦ የመጣም አይጠፋም። በባቡር የመጣ አለ? የለም። ሊኖርም አይችልም። ባቡር ሐረር ገብቶ አያውቅም። እኔ ዛሬ የማወራው ለምን እንዳልገባ ነው። እሱ ከገባን፣ ስለ ባቡርና ስለ መኪና የምንጨቃጨቀው ነገር ግማሹ ይቀልልናል።

እ.ኤ.አ. በ1894 አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነበር። ተፈጥሯዊ ሐሳብ ነው። ቡናው ሐረር ነው፣ ነጋዴውም ሐረር ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን ሰንጥቆ በ1902 መጨረሻ እዚህ ተራራው ሥር ደረሰ። ደረሰና ቆመ። ገንዘብም አጥሮ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ይሄ ከመስኮቱ የምታዩት ተራራ ነው። ሐረርን ትተው በቆላው ለመቀጠል ወሰኑ። ጣቢያው የተተከለበት ሜዳ ላይ ከተማ በቀለ። ምኒልክ «አዲስ ሐረር» አሏት። ስሙ አልያዘም፤ ሰዉ ድሬዳዋ ማለቱን ቀጠለ። ከተማችን የተወለደችው ባቡር ዳገት ስለማይችል ነው ብል አልዋሸሁም።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር። ልጅ ሆኜ «ባቡር እንዲህ ጉልበተኛ ከሆነ ለምን ሐረር አይወጣም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጉልበት አላነሰውም፣ እግሩ ያንሸራትተዋል» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። በኋላ ምህንድስና ስማር ለካ ትክክለኛውን መልስ ነግሮኝ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባቡር እግሩ ብረት ነው፣ መንገዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚይዘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቶን ጭነት በሜዳ ላይ ለመጎተት ባቡር 2 ኪሎ የሚያክል ጉልበት ይበቃዋል። ከባድ መኪና ጎማው እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ 7 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ የባቡር በረከቱ በሙሉ ይቺ ልዩነት ናት።

አሁን ዳገት እንጨምር። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ፣ በዓይን የማይታይ ዳገት፣ በእያንዳንዱ ቶን ላይ 10 ኪሎ ይጨምራል። ለሁለቱም እኩል ነው የሚጨምረው። መኪናው ከ7 ወደ 17 ሄደ። ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ባቡሩ ግን ከ2 ወደ 12 ሄደ። ስድስት እጥፍ! ዳገቱ 7 በመቶ ሲሆን ባቡሩ 72፣ መኪናው 77 ላይ ይደርሳሉ። ያ ሁሉ በረከት ዳገቱ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የአባቴ መንሸራተት ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ባለ ሞተሩ ማለት ነው፣ ደረቅ ሐዲድ ላይ ቆንጥጦ መሳብ የሚችለው ወደ 25 ቶን የሚያክል ጉልበት ነው። ሞተሩን የፈለጋችሁትን ያህል አተልቁት። ከዚያ ካለፈ እግሩ ባዶውን ይሽከረከራል። በዚህ ጉልበት በሜዳ ላይ፣ በወረቀት ስሌት፣ ከ12 ሺህ ቶን በላይ ይጎትታል። በ2 በመቶ ዳገት ወደ 1,100 ቶን ይወርዳል። በ7 በመቶ ዳገት 350 ቶን ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 100ው የራሱ ክብደት ነው። ሐዲዱ ከረጠበ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ባቡር አሸዋ ይዞ የሚዞረው። አዎ፣ አሸዋ! ሎኮሞቲቩ ላይ የአሸዋ ሣጥን አለ፤ ሲያንሸራትተው እግሩ ሥር ይረጫል። የዛሬዎቹ ዘመናዊ ሎኮሞቲቮችም ይሄው ሣጥን አላቸው።

እስቲ ወደ ተራራችን እንመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ሐረር ደግሞ 1,900 ገደማ። 700 ሜትር በ2 በመቶ ዳገት ለመውጣት 35 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል፣ ያለ አንዲት ሜዳ፣ ሽቅብ ብቻ። መሃል ላይ ያለችው ሐረማያ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ትላለች። አይሱዙው ግን ማርሽ ይቀንስና እያጉረመረመ በደንገጎ ዳገት ይወጣል።

«ኢንጂነሩ፣ ፈረንጆቹ ተራራ ላይ ባቡር ያወጡ የለ እንዴ?» የሚል ይኖራል። አውጥተዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የፒላቱስ ባቡር ከ1889 ጀምሮ 48 በመቶ ዳገት ይወጣል። ግን በመሃል ጥርስ ያለው ሐዲድ ተነጥፎለት፣ እየነከሰ፣ እንደ ኤሊ ነው። ቱሪስት ያመላልሳል። ማዳበሪያ ጫንበት ብትሉት እንጃ።

ባቡር ሁለተኛው ጠላቱ ጥምዝ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር የጥምዙ ራዲየስ 800 ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። መኪና በሠፈር መታጠፊያ ይዞራል፤ ባቡር ለመዞር ሠፈር ሙሉ ይፈልጋል። ይሄ ሲጣስ ምን እንደሚሆን እዚህ ላሉ ትልልቅ ሰዎች አልነግርም። እ.ኤ.አ. በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። 400 ያህል ሰው አለቀ። እኛ ሠፈር ዛሬም ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል።

ፍሬኑም ያው የብረት ነገር ነው። በ80 የሚሄድ የዕቃ ባቡር ለመቆም ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ግመል ሐዲድ ላይ ቆማ ሹፌሩ አይቷት እንኳ ማዳን አይችልም። መሪ የለውም፣ ገሸሽ አይልም። እዚህ በሶማሌና በአፋር በረሃ ስንት ከብትና ግመል እንዳለቀ፣ ስንት ካሣ እንደተከፈለ ታውቃላችሁ።

ይሄን ሁሉ ሰምታችሁ «ታዲያ ባቡር ምን ያደርጋል?» እንዳትሉኝ። እኔ የባቡር ልጅ ነኝ። አዲሱን መስመር ተመልከቱ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐዲዱ ስፋት የድሮው 1 ሜትር ነበር፣ አሁን 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ይሄዳል። የተመረቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በጥር 2018። አንድ ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጭናል። አንድ መኪና ከነተሳቢው ሁለት ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንድ ባቡር ገባ ማለት 50 መኪና ከነተሳቢው፣ 50 ሹፌር፣ 50 ረዳት ከአዋሽ መንገድ ላይ ተነሳ ማለት ነው። ናፍጣውን በዶላር ነው የምንገዛው፤ መብራቱ ግን የራሳችን ውኃ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔን ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሰሜን ስዊድን ኪሩና የሚባል የብረት ማዕድን ከተማ አለ። ማዕድኑ በባቡር ወደ ኖርዌይ ናርቪክ ወደብ ይወርዳል። ከባዱ ጭነት ቁልቁል፣ ባዶው ፉርጎ ሽቅብ። ባቡሩ ሲወርድ በፍሬኑ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ መስመሩ ይመልሳል። እግዜር የሰጣቸው ነው። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ፣ ከባድ ከባዱ ሁሉ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ታች የምንልከው ቡናና ሰሊጥ ነው፤ ፉርጎው ግማሹ ባዶውን ይወርዳል። ከባዱ ሽቅብ፣ ቀላሉ ቁልቁል! እንዲህ ያለ መስመር ላይ ባቡር አዋጭ እንዲሆን ጭነቱ ብዙና የማይቋረጥ መሆን አለበት። በሳምንት ጥቂት ጊዜ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ባቡር ዕዳውን አይከፍልም።

ደግሞ ባቡሩ የሚያቆመው ጣቢያ ነው፣ የሰው ደጅ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ነጋዴ ነው። አንድ ጊዜ ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ በማግስቱ ደረቅ ወደብ ገባለት። ደስ ብሎት ደወለልኝ። ከዚያ ከደረቅ ወደቡ ወደ መጋዘኑ፣ 60 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ፣ መኪና ለማግኘት 9 ቀን ጠበቀ። 700 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን፣ 60 ኪሎ ሜትር በ9 ቀን። በአሥረኛው ቀን ሲደውል ደስታው አልነበረም፤ ስለ ባቡርም የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። ጥፋቱ የባቡሩ አልነበረም። ግን ለነጋዴው ምን ልዩነት አለው?

የመንገደኛውም እንዲሁ ነው። የድሮው ጣቢያ እዚሁ ከተማው ውስጥ፣ «ከዚራ» የሚባለው ሠፈር መሃል ነበር። ወርደህ ሻንጣህን ይዘህ በእግርህ ቤትህ ትገባለህ። አዲሱ ጥምዝ ስለማይወድ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ባጃጅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባም ስትደርስ ለቡ ነው፤ ከዚያ ፒያሳ ለመድረስ ሌላ ጉዞ።

አዲስ አበባ ስል የከተማዋን ቀላል ባቡር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር 41 ባቡሮችና 39 ጣቢያዎች ነበሩት። እኔም ተሳፍሬበታለሁ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሰውም ተሰልፎለታል። ግን አሠራሩን ተመልከቱ። መሃል ከተማ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚያ ላይ አንድ ባቡር ከተበላሸ ሁለቱም መስመር ይያያዛል። አውቶቡስ ቢበላሽ የኋላው ዞሮት ያልፋል። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋና ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ሚኒባስ ቢሆን መካኒኩ ከመርካቶ ዕቃ ፈልጎ፣ ካልሆነም ሞርዶ ሞራርዶ ያስነሳው ነበር። ባቡር ላይ «ለጊዜው» ብሎ ነገር የለም። የተሠራለት ዕቃ ካልመጣ አይነሳም።

ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ለከተማችን ባቡር ይሠራልን» ሲል እኔ የምጠይቀው ስለ ዘመናዊነት አይደለም። በቀን ስንት ቶን ወይም ስንት ሺህ ሰው? መሬቱ ምን ያህል ይነሳል? ከጣቢያው በኋላ ማን ይረከባል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላለው ጭነት መልሱ ባቡር ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። በየወረዳው ሐዲድ ይዘርጋ የሚለውን ግን አልደግፍም። ለ40 ተሳፋሪ ሐዲድ መዘርጋት፣ ለአንድ ስኒ ቡና ጀበና ሳይሆን በርሜል እንደ መጣድ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌሮችም እንዳላችሁ አይቻለሁ። ባቡሩ እንጀራችንን ይወስደዋል ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። ከጅቡቲ ድረስ ያለውን ረጅሙን መንገድ፣ ልክ ነው፣ ከፊሉን ይወስዳል። ያንን መንገድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሙቀቱን፣ እንቅልፉን፣ ወደብ ላይ ለቀናት ተሰልፎ መጠበቁን። ግን ከደረቅ ወደቡ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ሐረር የሚወስድ ባቡር የለም። ያ የእናንተ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የአጎቴ ልጅ 9 ቀን የጠበቀው እናንተን ነበር።

የቀረውን በጥያቄ እንጨርሰዋለን። የሐረር እንግዶች ግን ሹፌሩ ሁለት ጊዜ በበሩ ብቅ ብሎ አይቶኛል። ሳይመሽ ደንገጎን ማለፍ ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ጭጋግ አለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእናንተ እሰጣለሁ። አጠር አድርጉልኝ።