ድንጋያችንን እኛው እንለየው (በለገጣፎ ለኦፓል ቆራጭ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

ውድ ተመራቂዎች፣ ልጆቻችሁን ልታዩ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከደላንታ ድረስ የመጣችሁ ቆፋሪ ወንድሞቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።

ከዚህ ቆርቆሮ ቤት ወጣ ብትሉ የደሴ መንገድ ይታያችኋል። ኦፓል የምንለው የወሎ የከበረ ድንጋይ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በሰንዳፋ አድርጎ በእኛ ደጅ ያልፋል። ብዙው እንዳለፈ ይቀራል። ህንድ ሄዶ ጃይፑር ይቆረጣል።

ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ አልማዝ ነው። እኛ አልማዝ አንቆርጥም። ኦፓሉን የምትሞርዱበት ዲስክ ላይ ያለው ዱቄት አልማዝ ነው፣ ትውውቃችን በዚያ ነው። ቢሆንም አልማዝ ያላት አንዲት አፍሪካዊት አገር ከዓለም ገበያ ጋር እንዴት እንደታገለች ሳስብ የእኛው ጉዳይ ሆኖ ይታየኛል።

ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1966 ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሃ አገሮች አንዷ ነበረች። በዓመቱ ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ። በ1982 ጁዋኔንግ ተከፈተ፤ በሚያወጣው ድንጋይ ዋጋ ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት ማውጫዎች አንዱ ነው። ሁለቱንም የያዘው ዴብስዋና የሚባል ኩባንያ ነው። ግማሹ የመንግሥት፣ ግማሹ ዴ ቢርስ የሚባለው የውጭ አልማዝ ኩባንያ ነው።

ልብ በሉ፣ ለረጅም ዓመታት ያ ድንጋይ ለገዢ የሚቀርበው ለንደን ነበር። ቦትስዋናዎች ልጆቻቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ድንጋይ መለየት አስተማሩ። ጥሬ አልማዝ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በጥራት፣ በቀለም ይለያል። ክፍሉ በሺዎች ይቆጠራል። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው። በዚያች ቅንጣት ላይ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መገመት ምንም አይመስልም። በሚሊዮን ካራት ሲባዛ ግን የትምህርት ቤትና የሆስፒታል በጀት ነው።

ከዚያ በ2011 አዲስ ውል ተዋዋሉ። በ2013 ሽያጩ ከለንደን ወደ ዋና ከተማቸው ወደ ጋቦሮኔ ተዛወረ። ገዢዎቹ አውሮፕላን ተሳፍረው እነሱ ዘንድ ይመጡ ጀመር። መንግሥትም ኦካቫንጎ የሚባል የራሱን ሻጭ አቋቁሞ፣ ከምርቱ 10 ከመቶ እየወሰደ ራሱ መሸጥ ጀመረ። ድርሻው 15፣ ኋላም 25 ሆነ። በ2025 በተፈረመው ውል ደግሞ ከ30 ተነሥቶ ቀስ በቀስ 50 እንዲደርስ ተስማሙ። የመደራደር ጉልበቱ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከመለያው ጠረጴዛ ነው እላለሁ።

ለምን እንዲህ እንደማምን ላጫውታችሁ። ኦፓል መነገድ በጀመርኩ ሰሞን ሁለት ኪሎ ያህል ጥሬ ይዤ አንድ ገዢ ዘንድ ሄድኩ። ከመሃል አንዷን አነሣ። የእንቁላል አስኳል ታህላለች፤ ውስጧ ቀይና አረንጓዴ እሳት ይሯሯጥባታል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣላትና «ምሳሽን በልተሽ ተመለሺ» አለኝ። ስመለስ እሳቱ የለም። እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ታሳያለች። «አየሽ፣ ሞታለች» አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሁሉንም በጅምላ፣ በሰጠኝ ዋጋ ትቼለት ወጣሁ።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይደበቃል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት። እናንተ ይህን የተማራችሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እኔ ያኔ አላውቅም ነበር፣ ሰውየው ግን ያውቅ ነበር። ያ ልዩነት የሁለት ዓመት የቤት ኪራዬን በላብኝ።

ስለ መቁረጥ ደግሞ ትንሽ ልበል። ከዓለም አልማዝ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚቆረጠው ህንድ፣ ሱራት ከተማ ነው። እጃቸው ሰልጥኗል፣ ዋጋቸውም ቅናሽ ነው። ቦትስዋና በዋጋ አትችላቸውም። ስለዚህ ጥቃቅኑ ወደ ሱራት ይሄዳል፤ አገር ውስጥ መቁረጡ የሚያዋጣት ትልልቁን ነው። እኛም ጃይፑርን በርካሽነት እንበልጣለን ብለን አንድከም። ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ሥር ተገላብጦ ታይቶ፣ እሳቱ በየት በኩል እንደተኛ ታውቆ የሚቆረጠው ድንጋይ ግን ለእኛ ነው።

አልደብቃችሁም፣ ቦትስዋና ዛሬ ተቸግራለች። ወደ ውጭ ከምትሸጠው 80 ከመቶ ገደማው አልማዝ ነበር። በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ሞላው። እሱ አልማዝ መሳይ መስታወት አይደለም፤ ያው ካርቦን፣ ያው ጥንካሬ፣ በዓይን የማይለይ። ዋጋው በጥቂት ዓመታት ወረደ፣ የተፈጥሮውንም ይዞት ወረደ። በ2024 የዴብስዋና ሽያጭ በግማሽ ያህል ቀነሰ። በዚያው ዓመት ካሮዌ ከሚባለው ማውጫ 2,492 ካራት ድንጋይ ወጣ፣ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። እሱም ገበያውን አላነቃውም። አሁን የያዙት ድንጋዩ የት እንደተወለደ፣ ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ ለገዢው ማሳየት ነው። ፋብሪካ ይህን ሊሠራው አይችልም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚገባ ድንጋይ ሁሉ ይመዝገብ። ከየትኛው ጎጥ እንደወጣ፣ ማን እንደቆፈረው፣ ጥሬው ስንት ግራም እንደነበር፣ ተቆርጦ ስንት ካራት እንደሆነ። የደላንታ ወንድሞቻችን፣ እናንተም ከመሸጣችሁ በፊት እዚህ አምጥታችሁ አስለዩ። ገንዘብ አንጠይቅም። ለእኛ ባትሸጡም ቅር አይለንም።

መዝገቡ ያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሚዛኑም አጠገቡ አለ። በፌስታል ይዞ የመጣ ሰው እንዳለ አይቻለሁ። ወንድሜ፣ ወዲህ በል፣ ካንተ እንጀምር።