ስለ ትንንሾቹ ክቦች

የተከበራችሁ ከንቲባዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሥራችሁ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ ነዋሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

በሩ ላይ የተለጠፈውን የሜትሮ፣ ማለትም የከተማ ምድር ውስጥ ባቡር፣ ዕቅድ ካርታ ሳታዩ የገባችሁ የላችሁም መቼም። ቀዩ መስመር፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው። ያምራል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ሰፈር ነው። መስመሩ በደጁ ካለፈ ፈገግ ይላል፤ ካላለፈ ቅር ብሎት ይገባል። እኔ ግን ዛሬ ስለ መስመሮቹ ብዙ አላወራም። የማወራው መስመሮቹ ስለሚገናኙባቸው ትንንሽ ነጭ ክቦች ነው። ይህ ዕቅድ ከተበላሸ የሚበላሸው እዚያ ነው።

እስቲ ወደ መጀመሪያው ሜትሮ ልመልሳችሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለንደን የባቡር ችግር አልነበረባትም። ችግሩ ባቡሮቹ ዳር ዳሩን መቆማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 አንድ የመንግሥት ኮሚሽን ሐዲድ ወደ መሃል ከተማ እንዳይገባ መከረ። ስለዚህ መንገደኛው ዳር ላይ ይወርድና ፈረስ ጋሪ የሞላበት መንገድ ላይ ይንከራተታል። ቻርልስ ፒርሰን የሚባል የሕግ ባለሙያ ‹‹ባቡሩን ከመሬት በታች እናስገባው›› እያለ ለዓመታት ወተወተ። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን፣ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 38,000 ሰው ተሳፈረበት። ፒርሰን ግን አላየውም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቶ ነበር። የእኛ ሙያ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። የዓለም የመጀመሪያው ሜትሮ የተሠራው ተራርቀው የቆሙ ጣቢያዎችን ከመሃል ከተማው ጋር ለማገናኘት ነው። ሲወለድም መጋጠሚያ ሆኖ ነው የተወለደው።

የምናቅደው ደግሞ ለአንድ ከተማ ብቻ አይደለም። ዋናው ከተማ አለ፣ በዙሪያው ያሉት ከተሞች አሉ፣ በመሃላቸው ከተማም ገጠርም ያልሆነው ሰፈር አለ። ሰው አንዱ ጋ ያድራል፣ ሌላው ጋ ይሠራል፣ ልጁ ሦስተኛው ጋ ይማራል። ይህን ኑሮ በአንድ መስመር መሸፈን አይቻልም። ስንት መስመር ብንሠራ አብዛኛው ተሳፋሪ ቢያንስ አንዴ ወርዶ ይቀይራል። በእኛ የስሌት ሞዴሎች ተሳፋሪው ቆሞ የሚጠብቃት አንዲት ደቂቃ ባቡር ውስጥ ከሚቀመጥባቸው ሁለት ደቂቃዎች ጋር እኩል ትቆጠራለች። ይህን ለማወቅ ሞዴል አያስፈልግም፤ ባቡር የሚጠብቅ ሰው በየስንት ሰከንዱ ሰዓቱን እንደሚያይ መቁጠር ይበቃል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በወጣትነቴ፣ ከተማውን አልጠራውም፣ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ጣቢያ ካቀድነው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ካርታው ላይ ሁለቱ ክቦች ተነካክተው ነበር። አለቃዬም እኔም ደስ አለን። ጣቢያው ሲከፈት ሰዓት ይዤ ከአንዱ የባቡር መሳፈሪያ መድረክ ወደ ሌላው በእግሬ ሄድኩ። ደረጃ ወጣሁ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ ወረድኩ፣ ደግሞ ኮሪደር። ዘጠኝ ደቂቃ! ከፊቴ አንዲት እናት ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ እየጎተተች ትሄድ ነበር። መሃል ላይ ቆማ ‹‹ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም እንዴ?›› አለች። ለኔ አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን ለኔ ነው ብዬ ሰማሁት።

ፓሪስም ይህ ችግር አለባት። ሞንፓርናስ ጣቢያ መሸጋገሪያው በጣም ረጅም ስለሆነ ሰው የሚያጓጉዝ ተንቀሳቃሽ ወለል ተገጠመለት። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ‹‹እናፍጥነው›› ተባለና በጣም ፈጣን የሆነ ወለል ተሞከረ። ሰው ወደቀ። ፍጥነቱ ተቀነሰ። በመጨረሻም ተነቀለና በተለመደው ተተካ። ምኑን ልንገራችሁ፣ መጋጠሚያ አንዴ ከተበላሸ በኋላ መጠገኛው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሆንግ ኮንግ ግን ገና ከንድፉ አሰቡበት። ሞንግ ኮክና ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባሉ ሁለት ተከታታይ ጣቢያዎች አሉ። ሁለት መስመሮች እነዚህን ጣቢያዎች ጎን ለጎን ሆነው ያልፏቸዋል። ተሳፋሪው ከአንዱ ባቡር ወርዶ፣ መድረኩን ተሻግሮ፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ባቡር ውስጥ ይገባል። ደረጃ የለም። በአንደኛው ጣቢያ የሚቀይሩት ወደ አንዱ አቅጣጫ የሚሄዱት ናቸው፤ ወደ ሌላው የሚሄዱት በሚቀጥለው። ይህን ለማድረግ ዋሻዎቹን ከሥርና ከላይ ማጠላለፍ ያስፈልጋል። መሐንዲሶቻችን ፊታቸውን ሲቋጥሩ እያየሁ ነው። አዎ፣ ያስቸግራል። ነገር ግን የሚያስቸግረው አንዴ፣ ሲሠራ ነው። ረጅሙ ኮሪደር የሚያስቸግረው በየቀኑ ነው።

አሁን ምናልባት የሚያስቆጣችሁን ልናገር። ሜትሮውን ከመቆፈራችን በፊት ያለንን ሐዲድ ማገናኘት ብቻ ይበቃን እንደሆነ እንጠይቅ። የዙሪክ ሰዎች የምድር ውስጥ ባቡር ዕቅድ ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1973፣ ቀርቦላቸው ሁለቱንም በድምፅ ጣሉት። የመንገድ ላይ ባቡራቸውን አልለቅም አሉ። በ1981 ሌላ ሐሳብ መጣ። ዋናው ጣቢያ ባቡር ገብቶ በመጣበት የሚመለስበት ዓይነት ነበር። ከሥሩ ዋሻ ቆፍረን ባቡሮቹ በከተማዋ አልፈው እንዲሄዱ እናድርግ ተባለ። ይህንን መራጩ ተቀበለ። በ1990 ሥራ ሲጀምር ከነባሩ ሐዲድ ጋር ተገጣጥሞ ክልሉን በሙሉ አዳረሰ። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ሌላውን ነው። በዚያው ዓመት የክልሉ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ የመንገድ ላይ ባቡርና ጀልባ ሁሉ በአንድ የትኬት ሥርዓት ውስጥ ገባ። መጋጠሚያው ዋሻም ነበር፣ ወረቀትም ነበር።

እንዲህ ስል ሜትሮ አይሠራ ማለቴ አይደለም። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 30,000 ሰውና ከዚያ በላይ የሚጓዝበት የከተማ መንገድ ካለ፣ ከመኪና ጋር ተጋፍቶ የሚሄድ አውቶቡስ አይችለውም። አንድ የመኪና መስመር ቢበዛ በሰዓት 2,000 መኪና ገደማ ነው የሚያሳልፈው፤ በየመኪናው ውስጥ ደግሞ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ እንቆፍር።

የትኬቱን ነገር ሳልጨርስ፦ ሃምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1965 የትራንስፖርት ድርጅቶቿን በአንድ ማኅበር ሥር ሰበሰበች፤ ቀጥላም አንድ ታሪፍ አወጣች። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ኮንክሪት አላስፈለገም። የሚያስፈልገው ከንቲባዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ገቢውን ማን እንደሚካፈል መስማማት ነው። ከዋሻ ቁፋሮ ይከብዳል ብትሉኝ አልከራከርም። ግን ከዋሻው በፊት ይለቅ።

የባቡሮቹን ምልልስም አስቡበት። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2002 ሜትሮዋን ስትከፍት ባቡሮቹን አሳጠረች፣ ሾፌር አልባ አደረገቻቸው፣ በምትኩ ቶሎ ቶሎ እንዲመላለሱ አደረገች። ባቡሩ አጭር ሲሆን ጣቢያውም አጭር ይሆናል። የምድር ውስጥ ጣቢያ ደግሞ ገንዘብ የሚበላ ነገር ነው። ቀጣዩ ባቡር ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ከመጣ፣ መቀየርን ማንም አይፈራም። በየሃያ ደቂቃው ከመጣ ግን ምርጥ የሚባለው መጋጠሚያ እንኳ ዋጋ የለውም።

የተሳፋሪ ትንበያችንን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ። ቤንት ፍሉብዬርግ የሚባል የዴንማርክ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 27 የባቡር ፕሮጀክቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አወጣ። የተሳፈረው ሰው በአማካይ ከተተነበየው ግማሽ ገደማ ነበር። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር ስታዩ፣ የጻፍነው እኛው መሆናችንን አትርሱ። እኛ ደግሞ ፕሮጀክቱን እንወደዋለን።

ከሻይ በኋላ ወደ ካርታው እንመለሳለን። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። መስመሩ በእኔ ሰፈር ይለፍ የሚለውን ክርክር ለነገ እናቆየው። ዛሬ እያንዳንዱ ነጭ ክብ አጠገብ አራት ነገር እንጻፍ፦ ከመድረክ መድረክ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል፣ ስንት ደረጃ አለው፣ አሳንሰሩ ቢበላሽ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በየት ያልፋል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቀጣዩን ባቡር ስንት ደቂቃ ያስጠብቃል። መልሱን የማናውቀው ክብ ላይ ባዶ እንተወው። ባዶው እንዲታይ ነው የምፈልገው።

እስክሪብቶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አመሰግናለሁ።